ጀልባ ላይ ብድግ አይባልም

የእትዬ አስካለን ማረፍ የሰማሁት ውሃ ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ካያክ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ እሳቸው ባስለመዱኝ ወንዝ ላይ ሽቅብ ስቀዝፍ፣ ደረቴ ላይ ያንጠለጠልኩት ውሃ የማያስገባ ቦርሳ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ልጃቸው ሊዲያ ናት። «ሰይድ፣ ማማ ዛሬ ጠዋት አረፈች» አለችኝ። «ብዙ ማውራት ኦርከር ኢከ፣ አልችልም። ከሰው ቀድመህ እንድትሰማ ብዬ ነው።»

እንዲህ ያለ ወሬ ተቀምጦ አይሰማም። ጉልበቴ ሊነሳ ሲል ተሰማኝ። ግን አልተነሳሁም። መቅዘፊያውን ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ወንዙ ቀስ እያለ ወደ ኋላ እየወሰደኝ፣ ቁጭ እንዳልኩ አለቀስኩ። ጀልባ ላይ ብድግ አይባልም ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት እንዳስተማሩኝ ደግሞ ሳላወራው አላልፍም፤ እትዬ አስካለን ባሰብኩ ቁጥር ከለቅሶው ሳቁ ይቀድመኛልና።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። ኦስሎ ውስጥ አንድ ሲከየም፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነበርን፤ እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሽማግሌዎችን ይንከባከባሉ፣ እኔ ታች ወጥ ቤት ውስጥ አበስላለሁ። እሳቸው የአርባ ምንጭ ሰው፣ አጥባቂ ጴንጤ፣ ሃምሳን ያለፉ፣ አጠር ደልደል ያሉ፣ ሲስቁ ኮሪደሩ የሚሰማቸው ሴት። እኔ የደሴ ልጅ፣ ሙስሊም። ያገሬ ሰው በመሆናቸው ደስ ቢለኝም፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሁለታችንም እናፍር ነበር። የሐበሻ ነገር ይታወቃል፤ የእሳቸውን ሥጋ እኔ አልበላም፣ የእኔንም እሳቸው አይበሉም። አንድ ወር ያህል በየራሳችን ሳህን ላይ አቀርቅረን ስንበላ ከረምንና፣ አንድ ቀን በሚጥሚጣ የተለወሰ የዓሣ ጥብስ ይዘው መጡ። «ዓሣን ማንም ባርኮ አያርደውም። ና ብላ!» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ የእኔና የእሳቸው የዓሣ ቀን ሆነ።

ያደጉት ጫሞ ሐይቅ ዳር ነው። ወንድሞቻቸው በታንኳ እየወጡ ሲያጠምዱ፣ እሳቸው ሴት ናት እየተባሉ ዳር ላይ ቀርተው ዓሣ ሲበልቱ ነው ልጅነታቸው ያለቀው። ሐይቁ ውስጥ ያለውን አዞ ሲያወሩ ግን እንደ ክፉ ጎረቤት ነው የሚያወሩት። የዓለምን ነገር ሁሉ የሚመዝኑትም በእሱ ነበር። ከቢሮ የመጣ ደብዳቤ አስጨንቆኝ ሳሳያቸው፣ የኖርስክ ቋንቋ ፈተና ፈርቼ ስንቀጠቀጥ፣ ከአለቃዬ ጋር ስጋጭ፣ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «አዞ አለበት?» የለበትም እላለሁ። «በቃ ግባበት!» ይላሉ። አንዳንዴ በጣም ያናድዱኝ ነበር፤ ደብዳቤው እኮ ለእኔ ነው የተጻፈው!

ነገሩ የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ነሐሴ ላይ ነው። እሳቸው ፎቅ ላይ ኦላቭ የሚባል፣ ዘጠና ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ በጉብዝናው ዘመን አናጢ የነበረ ሽማግሌ ነበር። ሚስቱ በፀደይ ከሞተችበት ወዲህ በመጀመሪያ ከወንበሩ መነሳት ተወ። እግሩ ጤነኛ ነው። እንቅስቃሴ የምታሠራው ባለሙያ መጥታ ተነስ ስትለው «ለማን ብዬ?» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል። ቀጥሎ ምግብ ተወ። እኔ እንግዲህ ኦላቭን የማውቀው በሳህኑ ነው፤ እንደሰደድኩለት ምንም ሳይነካ ተመልሶ ይመጣል። በጣም ነበር የሚያሳዝነኝ፣ ትንሽ ትንሽም ያናድደኛል። ምግብ የሚሠራ ሰው ይገባዋል።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ ደረጃውን ሮጠው ወርደው ወጥ ቤት ገቡ። «ሰይድ፣ ቃል ገባሁ!»

«ለማን?»

«ለኦላቭ። ምን ቢሆን ትበላለህ አልኩት። ሾሬት አለኝ።»

ሾሬት ወንዝ ውስጥ ተወልዶ፣ ባሕር ወርዶ ሰብቶ፣ ተመልሶ ወደ ወንዙ የሚወጣ የትራውት ዓሣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስቲልሄድ የሚሉት የአጎቱ ልጅ አለ ይላሉ፤ ያም እንዲሁ ወጪ ወራጅ ነው። ኦላቭ የፈለገው ደግሞ ከገበያ የተገዛውን አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ወንዝ፣ ዕድሜ ልኩን ሲያጠምድበት ከኖረ አንድ ጥልቅ ቦታ የወጣውን ነው። ቦታውን እኔው በምጽፈው የሳምንቱ የምግብ ዝርዝር ወረቀት ጀርባ ላይ ስሎላቸዋል፦ የብረት ድልድይ፣ ወደ ውሃው ያዘነበለ ነጭ ዛፍ፣ የተኛች ላም የሚያህል ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ፊት ለፊት ጠጠር። በእግር አይደረስበትም፤ አንዱ ዳር ገደል ነው፣ ሌላው ረግረግ።

«እትዬ አስካለ፣ ዓሣ ማጥመድ ይችላሉ?» አልኳቸው።

«አልችልም።»

«ጀልባስ?»

«ሴት ታንኳ ላይ አትወጣም ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ከየት አውቄ?»

«ታዲያ እንዴት ሊሆን ነው?»

«ወንዙ አዞ አለበት?» አሉና እኔው ላይ አፈጠጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የማጥመጃው ወቅት በመስከረም መጨረሻ ይዘጋል። እሱ ደግሞ እስከሚቀጥለው ዓመት አይደርስም። አንተም ታውቃለህ፣ ሳህኑን የምታጥበው አንተ ነህ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ያገለገለ፣ ብርቱካንማ የፕላስቲክ ካያክ ገዙ። ሃውገሩድ የሚባል ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ምድር ቤት ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ስላልበቃው በረንዳቸው ላይ አወጣነው፤ ግማሹ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ከባቡር ጣቢያው ይታያል። ቦረትስላጉ፣ ማለትም የሕንጻው ማኅበር፣ ደብዳቤ ጻፈላቸው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችማ ቀልደው አይጠግቡም፦ «እህት አስካለ፣ የጥፋት ውሃ መቼ ነው? እንስሳቱ ተሰበሰቡ?» ይሏቸዋል። «አንተን ጨምሬ ሁለት ሁለት እያልኩ ነው» ብለው ይመልሳሉ።

ልምምዱን ጫካ ውስጥ ያለ ረጋ ያለ ሐይቅ ላይ ጀመርን። ከፊት እሳቸው፣ ከኋላ እኔ። መጀመሪያ ላይ ክብ ሠራን፤ ከዚያም ሌላ ክብ። እኩል መቅዘፍ አልቻልንም። በመጨረሻ እትዬ አስካለ መዝሙር ጀመሩ፤ በዜማው ምት ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ ሲሉ ጀልባው ቀጥ ብሎ መሄድ! አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በመዝሙር ቀዘፍኩ። ደስታችን ወሰን አጣ። «ሄደ! ሰይዶ፣ ሄደ እኮ!» ይላሉ፤ እኔም ከኋላ እጮሃለሁ።

እንዲህ እየጮህን ወደ ዳር ስንጠጋ፣ ሣሩ ላይ የሚጠብሱ ሰዎች አየሁ። ከመካከላቸው አንዱ ሐጂ ሙሄ ነበሩ፤ ኖርዌይ ስገባ ቬስትሊ ሰፈር ቤታቸው ያሳረፉኝ፣ እንደ አባት የማያቸው የወሎ ሽማግሌ። እጃቸውን አንስተው «ሰይድ! አንተ ነህ?» ሲሉኝ እግሬ እኔን ሳያማክር ተነሳ። ምን ላድርግ፣ እንደዚያ ነው ያደግኩት! ታላቅ ሰው መጥቶ እንዴት እቀመጣለሁ? ጎንበስ ብዬ «ኖር ሐጂ» ማለት እንደጀመርኩ ሰማዩ ሲገለበጥ አየሁ። ቀሪውን ለዓሦቹ ነው የጨረስኩላቸው።

ውሃው ደረት ድረስ ነበር። ብቅ ስል እትዬ አስካለ ቆመዋል፤ ሻሻቸው ሄዷል፣ መቅዘፊያው ግን ከእጃቸው አልወጣም። ለእኔ አንድ ቃል ሳይናገሩ በመጀመሪያ ወደ ዳር ዞረው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «ደህና ዋሉ ሐጂ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» ከዚያ ወደ እኔ፦ «አንተ የወሎ ልጅ! ከዛሬ ጀምሮ ንጉሥ ቢመጣ ቁጭ! አባትህ ከመቃብር ቢነሱ ቁጭ! ጀልባ ላይ ብድግ አይባልም። አክብሮትህን በአንገትህ አሳይ።» ሐጂ ሙሄ ከሳቃቸው የተነሳ የያዙት ሥጋ ከሰል ላይ ወደቀባቸው።

በማግስቱ ታሪኩን ለኦላቭ ነገሩት። እኔም ሾርባ ይዤ ወጥቼ ነበርና አይቻለሁ፤ እትዬ አስካለ ክፍሉ መሀል የእኔን አወዳደቅ በተግባር ሲያሳዩት ሽማግሌው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከወራት በኋላ የመጀመሪያ ሳቁ ነው። ሳቁን ሲጨርስ ጠየቀ፦ «ግን ለምን ተነሳ?»

«በእኛ አገር ያከበርከው ሰው ሲመጣ ከመቀመጫህ ትነሳለህ፤ ኖር ትለዋለህ። የመጣውም በእግዚአብሔር ብሎ ይመልስልሃል፣ ቁጭ በል ይልሃል።»

«እኛ የምንነሳው ለንጉሡ ብቻ ነው» አለ ኦላቭ። ትንሽ አስቦ ደግሞ፣ «ቃሉን እንደገና በዪው» አላቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ አስደገሙት። እኔ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም፤ ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ነበር ሐሳቤ።

የሁለታችን ፈረቃ ተገጣጥሞ ወንዝ መውረድ የምንችልባቸው ቅዳሜዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ የትምህርት ነው። ወንዙ እንደ ሐይቁ አይታገስም። የብረት ድልድዩን አልፈን ድንጋይ ከፊታችን ሲመጣ አየሁና፣ «እትዬ አስካለ፣ እባክዎ ትንሽ በቀኝ በኩል ቢቀዝፉልኝ» ብዬ ሳልጨርስ ድንጋዩ ላይ ወጣን። ዞር ሳይሉ «እርስዎ እያልክ ወንዝ አይወጣም!» አሉኝ። «ውሃ ላይ አንቺ በለኝ። ቀኝ! ግራ! ጎንበስ! በለኝ። መሬት ስንወርድ እርስዎ ትለኛለህ።» ታላቄን አንቺ ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ድንጋዩን መግፋት ይቀላል። ግን አልኳቸው። «ቀኝ በዪ!» ስል አፌ ተቃጠለ፤ ጀልባው ግን ታዘዘ። ያን ቀን ነጩ ዛፍ ድረስ ደረስን፣ ክርና መንጠቋችንን ለዛፉ ሰጥተን ተመለስን።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ወንዙ ሞልቷል። ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ ተሸክሞ ይወርዳል። እኔ ዛሬ ከተመለስን የሚቀረን አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው ብዬ ጀልባውን ከመኪናዬ ጣሪያ ላይ መፍታት ጀምሬያለሁ። እትዬ አስካለ ድልድዩ ላይ ቆመው ውሃውን ለረጅም ጊዜ አዩት። «መልሰህ እሰረው» አሉ። «ኦላቭስ?» አልኳቸው። «ዛሬ አዞ አለበት።» እንዲህ ሲሉ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሊዲያ እንደነገረችኝ፣ ከዓመታት በኋላ ሐኪሙ የሕመማቸውን ስም ሲነግራቸውም «ይሄኛው አዞ አለበት» ብለዋል። ከዚያ ተነስተው ሐኪሙን ልጆችህ ስንት ናቸው ብለው ጠየቁት።

በዚያ ሳምንት ኦላቭ ከፋ። ውሃ ብቻ ነበር የሚቀበለው። እትዬ አስካለ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ብቅ እያሉ የተመለሰውን ሳህን አይተው ይወጣሉ። ያ የማውቀው ሳቃቸው ከኮሪደሩ ጠፋ።

ሦስተኛው ቅዳሜ የመጨረሻው ነበር። ውሃው ጎድሎ ጠርቷል። ቅጠሉ ሁሉ ቢጫ ነው። መዝሙሩ ተጀመረ፤ የብረት ድልድዩን አለፍን፣ ነጩን ዛፍ አለፍን፤ መንጠቋችን አሁንም ተንጠልጥሎ ሰላም አለን። ከዛፉ በላይ ውሃው ጠበብ ብሎ ይፈጥናል። «በርቺ!» አልኩ። «በርታ!» አሉ። ክንዴ ሊገነጠል ደረሰ፤ ጀልባው ለአፍታ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ወይ አይወጣ ወይ አይወርድ። «ሰይድ፣ የአንተን ዝፈን! የእኔ አልበቃም!» ብለው ጮሁ። በሙሉ ድምፄ መንዙማ ለቀቅኩት። እውነቴን ነው፣ በመንዙማው ወጣን። ከፊታችን ሰፊ፣ ጥቁር፣ ጸጥ ያለ ውሃ ተከፈተ፣ መሀሉ ላይም የተኛች ላም የሚያህል ድንጋይ።

ከጀልባ ላይ ማጥመድ እዚያ ወንዝ ላይ ክልክል ነው። «ጀልባው አውቶቡሳችን ነው፣ እዚህ ወራጅ አለ» አሉና ጠጠሩ ላይ ወረድን። ተራ በተራ ወረወርን። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት። ኦላቭ ከድንጋዩ ጀርባ ጣሉት፣ እስኪሰምጥ ታገሱ፣ ከዚያ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ ብሎን ነበርና እንደዚያው አደረግን። በመጨረሻ እትዬ አስካለ ወርውረው፣ ታግሠው፣ መሳብ ሲጀምሩ ዘንጉ ተቆልምሞ ውሃውን ነካ። «ያዘኝ!» አሉ፤ ያዝኩት አላሉም። ዓሣው ከውሃው ዘለለ፤ ብር የመሰለ፣ ክንድ የሚያህል! ሁለታችንም እንደ ሕፃን ጮህን። ወደ ድንጋዩ ሮጠ፣ ወደ እኛ ተመለሰ፣ እንደገና ሮጠ። እኔ ዳር ለዳር እየተሯሯጥኩ የማይረባ ምክር እሰጣለሁ። መረቡን ድልድዩ ጋ መኪና ውስጥ ረስቼዋለሁ፣ ይሄን ደግሞ አሁን ነው የማስታውሰው!

ስነግራቸው አልተቆጡም። ዘንጉን አስያዙኝና እስከ ወገባቸው ውሃው ውስጥ ገቡ። ዓሣው ደክሞት ሲቀርብ፣ ልክ ሽማግሌ ከአልጋ እንደሚያነሱት፣ አንድ እጃቸውን ከአንገቱ ሥር፣ አንዱን ከጅራቱ አስገብተው፣ ወደ ደረታቸው አስጠጉና ሁልጊዜ ሥራ ላይ እንደሚሉት «ኤን፣ ቱ፣ ትሬ!» አሉ። በሦስተኛው ዓሣው ደረታቸው ላይ ነበር። ወጥተው ጠጠሩ ላይ ቁጭ አሉ፣ እንደታቀፉት። «በላልኝ» አሉ እየተንቀጠቀጡ። «ኦላቭ በላልኝ።»

የፎቁ አለቃ ከውጭ የመጣ ዓሣ ለነዋሪ ማቅረብ እንደማይፈቀድ ታውቃለች። ዓሣው ያለበትን ባልዲ አየች፣ እትዬ አስካለን አየች። «እኔ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ምንም አላየሁም» ብላ በሯን ዘጋች። በቅቤና በጨው ብቻ ጠበስኩት፤ ሚጥሚጣውን እጄ ሊያነሳ ሲል ከለከልኩት። ዱባ መሰል ነገር ሁሉ ትቼ ድንቹን ብቻ ቀቀልኩ። ሳህኑን እሳቸው ያዙ፣ እኔ ከኋላ ድንቹን ይዤ ተከተልኩ። ዓሣው ሲንፈራገጥ ያራሰው ጸጉራቸው ገና አልደረቀም።

ኦላቭ መስኮቱ ጋ ወንበሩ ላይ ነበር። ሽታው ቀድሞን ገብቶ ኖሮ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ጠበቀን። ዓሣውን አየ። ከዚያ እትዬ አስካለን አየ፣ እርጥብ ጸጉራቸውን፣ በመንጠቆ የተጫረ እጃቸውን። ሁለት እጆቹን የወንበሩ ክንድ ላይ አሳረፈ። እኔ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሲገባኝ ልይዘው ሮጥኩ፤ እትዬ አስካለ በክርናቸው ከለከሉኝ። ቀስ እያለ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ከፀደይ ወዲህ ያልተዘረጋ ጉልበቱን ዘርግቶ ያ ሰፊ ሽማግሌ ቆመ።

«ኖር» አለ።

የእትዬ አስካለ እንባ ሳህኑ ላይ ጠብ ጠብ አለ። «በእግዚአብሔር» አሉት፤ በአማርኛ። «ቁጭ በል በሞቴ፣ ሳይቀዘቅዝ።» እሱ እስኪቀመጥ ድረስ ሳህኑን ይዘው ቆመው ጠበቁት። ከዚያ አጥንቱን እየለቀሙ አጎረሱት። የዓሣውን ግማሽ በላ። ማታ የመጣልኝን ሳህን ለረጅም ጊዜ አላጠብኩትም።

ኦላቭ እስከ ገና ቆየ። እኔና እትዬ አስካለ ደግሞ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ወረድን፣ እስኪታመሙ ድረስ።

እና ያን ቅዳሜ፣ ሊዲያ ከደወለችልኝ በኋላ፣ ለቅሶዬን ስጨርስ መቅዘፊያዬን አነሳሁ። ወንዙ ወደ ኋላ የወሰደኝን መለስኩ። ነጩን ዛፍ አለፍኩ፤ በጠባቡ ላይ መጀመሪያ የእኔን፣ ከዚያ የእሳቸውን ዘፈንኩ። ጠጠሩ ላይ ወረድኩና ጀልባውን ጎትቼ አስቀመጥኩ። መሬቱ ከእግሬ ሥር የማይነቃነቅ መሆኑን አረጋገጥኩ። ባርኔጣዬን አወለቅኩና ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አሁን መሬት ላይ ነኝ» አልኳቸው። «ኖር፣ እትዬ አስካለ።»